የእግዚአብሔር ዝምታ መንገድ የመሳቴ ምልክት ነውን?

መንገደኛው | ጅማ፣ ቆጪ | ታኅሣሥ 9

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እስከ ዛሬ የሌሎችን ጽሑፍ እያነበብሁ ዝም ብዬ የቆየሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የራሴን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁና በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የነበረኝን የሒሳብ ሠራተኛነት ትቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ጅማ የተመለስሁት፣ ከባለቤቴ ጋር ለወራት ከጸለይንበት በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ ታይቶን ነበር። አባቴ አርጅቶ ብቻውን ይኖር ነበር፤ የቤት ኪራዩም አስጨንቆን ነበር፤ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ደግሞ ጀንፈል ቡና እየገዛን በሽርክና እንድንነግድ ጠየቀኝ። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ወር ውስጥ ሲገጣጠሙ «ጌታ በሩን ከፈተ» ብለን አመሰገንን፤ በጉባኤ ፊት ቆመንም መሰከርን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። በሁለተኛው ዓመት ሸሪኬ የጋራ ገንዘባችንን ይዞ ተሰወረ፤ ዕዳው ግን በእኔ ስም ቀረ። ከዚያ ሳላገግም አባቴን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ንግግሩም ጠፋ። ዛሬ የምንኖረው ባለቤቴ በመምህርነት በምታገኘው ደመወዝ ነው። እኔ አባቴን አስታምማለሁ፤ የቡና ወራት ሲመጣ ደግሞ ሄርማታ መርካቶ ወርጄ ለነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ።

አሁን አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ በአዲስ አበባ የሥራ ቦታ እንዳለ ነግሮኛል፤ መልሴን እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቃል። ብሄድ አባቴን ለማን እተዋለሁ? ይዤው ብሄድስ በአንድ ክፍል ቤት እንዴት አድርጌ አስታምመዋለሁ? ብቀር ዕዳውን በምን እከፍላለሁ? ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ዓመት ሙሉ ጸልያለሁ፤ ጾሜያለሁም። መልስ የለም። ድሮ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ የሚያናግረኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ገጹ ገጽ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው መብራት ጠፍቶ በስልኬ ብርሃን ነው። ለምሳሌ እንዲሆነኝ ብዬ አይደለም፤ በእርግጥ ጠፍቶ ነው።

ጥያቄዬ «እግዚአብሔር አለ ወይ?» የሚል አይደለም። ወደዚህ ስንመጣ መርቶን ከነበረ ይህ ሁሉ ለምን ደረሰብን? አልመራን ከነበረስ ያን ጊዜ የተሰማን እርግጠኝነት ምን ነበር? ያኔ ከተሳሳትሁ ደግሞ አሁን የሚሰማኝን በምን ላምነው?

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ «ውኃ ስጠኝ» ማለት አይችልም። ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ግን እንደ ቀድሞ ልማዱ ነቅቶ ዳዊቱን በግዕዝ ሲደግም እሰማዋለሁ። ብዙው ቃል ይፈርሳል፤ ንባቡ ግን አካሄዱን አይስትም። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ነኝና ግዕዙን እምብዛም አልረዳውም። ይህን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።


የጎማ ልጅ | አጋሮ | ታኅሣሥ 10

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሰባኪ አይደለሁም፤ በቡና ልማት ላይ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝና የማውቀውን ልናገር። ቡና አርጅቶ ምርቱ ሲያሽቆለቁል፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ በበጋው ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተን እንጎነድለዋለን። ዝናብ በጉቶው ላይ ተኝቶ እንዳያበሰብሰው ቁርጡ ሰያፍ ይሆናል። ከጉቶው ብዙ ቀምበጥ ሲፈነዳ ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት አስቀርተን የቀረውን እናስወግዳለን። ለሁለት ዓመት ያህል ከዚያ ማሳ ለቤት የሚበቃ ቡና እንኳ አይገኝም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያሳደገው ቡና ሲጎነደል ማየት አልቻለም፤ ቀኑን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ዋለ። በሦስተኛው ዓመት ግን ቅርንጫፉ በፍሬ ብዛት ሲጎብጥ እርሱ ራሱ ጎረቤቶቹን እየጠራ ያሳይ ጀመር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ አብ ገበሬው እንደሆነና ፍሬ የሚያፈራውን ቅርንጫፍ አብዝቶ እንዲያፈራ እንደሚያጠራው ተጽፏል። የደረሰብህ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ዝምታውም ሥሩ ከታች የሚሠራበት ጊዜ ይሆናል።


አገልጋይ ነኝ | ጅማ | ታኅሣሥ 10

የተወደድህ ወንድም፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን ያለ ድምፅ የሚተው አምላክ አይደለም። በአሞጽ 3፥7 ምሥጢሩን ለባሪያዎቹ ለነቢያት ሳይነግር ምንም እንደማያደርግ ተጽፏል። አንድ ዓመት ያህል መልስ ካጣህ፣ የምትፈልገው ቃል በሌላ ሰው አፍ ተቀምጦልህ ይሆናልና ሦስት ቀን በደረቅ ጾም ተዘጋጅተህ የትንቢት ጸጋ ባላቸው አገልጋዮች ፊት ቅረብ። ከተማውም፣ ሥራውም፣ ቀኑም ሊነገርህ ይችላል። ይህን የምልህ በራሴ ሕይወት ስላየሁት ነው።


መምህርት | ፈረንጅ አራዳ | ታኅሣሥ 11

ወንድማችን «አገልጋይ ነኝ» ከፍቅር እንደጻፈ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ቀን ቆርጦ የሚናገር ትንቢት በጨለማ ውስጥ ላለ ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያሳይ ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ አለና እርሱን ላንሣ።

በኤርምያስ ምዕራፍ 28 ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝብ ፊት ተነሥቶ «በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹም የቤተ መቅደሱ ዕቃም ይመለሳሉ» አለ፤ ቃሉንም ለማጽናት የእንጨቱን ቀንበር ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የኤርምያስ አኳኋን ነው። በመጀመሪያ «አሜን፤ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ» አለ፤ እርሱም ቢሆን የምሥራቹ እውነት እንዲሆን ይመኝ ነበርና። ቀንበሩ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ ምንም ሳይመልስ መንገዱን ሄደ። በዚያች ሰዓት ቃል የነበረው ሐሰተኛው ነበር፤ እውነተኛው ዝም ብሎ ሄደ። ቃል ወደ ኤርምያስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ቀጥሎ በምዕራፍ 29 ኤርምያስ ወደ ባቢሎን የላከው ደብዳቤ ይገኛል። ብዙዎቻችን ቁጥር 11ን፣ ስለ ፍጻሜና ስለ ተስፋ የሚናገረውን፣ በግድግዳችን ላይ እንሰቅለዋለን፤ ከእርሱ በፊት በቁጥር 10 የተጻፈውን 70 ዓመት ግን የሰቀለ ሰው አላየሁም። በእነዚያ 70 ዓመታት ለምርኮኞቹ የተሰጣቸው መመሪያ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል ነው። የሚወጡበት ጊዜ ከብዙዎቹ ዕድሜ በላይ ነበርና የተመሩት ስለ መውጫው ሳይሆን ስለ መኖሪያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ፤ «መርቶን ከነበረ ለምን እንዲህ ሆነ?» ወዳልኸው። በዘፀአት 13፥17 እግዚአብሔር ሕዝቡን በፍልስጥኤማውያን አገር መንገድ አልመራቸውም፤ ያ መንገድ ግን ቅርብ ነበር። ምክንያቱ ሰልፍ ባዩ ጊዜ ተጸጽተው ወደ ግብፅ እንዳይመለሱ መሆኑ ተጽፏል። ይህን ምክንያት የምናውቀው ግን እኛ አንባቢዎች ነን፤ በእግራቸው ለሚሄዱት እንደተነገራቸው አልተጻፈም። እነርሱ ያወቁት መንገዱ መርዘሙን ብቻ ነው። በምዕራፍ 14 ደግሞ በታዘዙበት ቦታ ሰፈሩ፤ ስለ ታዘዙም ከፊታቸው ባሕር፣ ከኋላቸው የፈርዖን ሠረገላ ገጠማቸው። ወደዚያ ጠባብ ስፍራ የገቡት ደመናውን በትክክል ስለተከተሉ ነው። ስለዚህ «ችግር ላይ ደረስሁ፤ እንግዲህ አልተመራሁም ማለት ነው» የሚለው ስሌት በመጽሐፉ ሚዛን አይቆምም። በርግጥ «ችግር ላይ ነኝና በእርግጥ ተመርቻለሁ» የሚለውም አይቆምም። የያኔው እርግጠኝነታችሁ ምን እንደነበረ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ አንተም አሁን እንድትፈርድ የተጠየቅህ አይመስለኝም።

የመጨረሻ ቃሌ ኢሳይያስ 50 ነው። ቁጥር 10 እግዚአብሔርን ስለሚፈራ፣ ቃሉንም ስለሚሰማ፣ ነገር ግን ብርሃን ሳይኖረው በጨለማ ስለሚሄድ ሰው ይናገራል። ያ ሰው በደለ አይልም፤ በእግዚአብሔር ስም ይታመን፣ በአምላኩም ይደገፍ ይላል። ተግሣጹ የሚመጣው በቁጥር 11 ነው፤ እርሱም እሳት አንድደው በራሳቸው ነበልባል ብርሃን ለሚሄዱት ነው። በጨለማ መሄድ እንደ ኃጢአት አልተቆጠረም፤ ጨለማውን መታገሥ አቅቶ የራስን ችቦ መለኮስ ነው የተነቀፈው።


መንገደኛው | ጅማ፣ ቆጪ | ታኅሣሥ 12

እኅታችን መምህርት፣ ስለ ችቦ የጻፉት ነገር አንድ የደበቅሁትን ነገር እንድናገር አስገደደኝ። ባለፈው ዓመት ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ እንግዳ አገልጋይ እጁን ጭኖብኝ «በሦስት ወር ውስጥ ዕዳህ ይሰረዛል» አለኝ። አመንሁት። በማመን ብቻም አልቆምሁ፤ ለአበዳሪዎቼ «እስከ ፋሲካ ታገሡኝ፤ ሙሉውን እከፍላለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ፋሲካ አለፈ። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳኝ ከዚያ ወዲህ ቃሌን የሚያምነኝ አበዳሪ መጥፋቱ ነው። አንደኛው በመንገድ ሲያገኘኝ «የጸሎትህ ሰው ደኅና ነው?» ብሎ ይስቅብኛል።

አገልጋዩን አልከስስም። ያን ቃል እንዲነገረኝ የፈለግሁት እኔ ራሴ ነበርሁ።


አገልጋይ ነኝ | ጅማ | ታኅሣሥ 12

ይህን ካነበብሁ በኋላ ከላይ የጻፍሁትን እንደ ነበረ መተው አልችልም። ቀን የቆረጠ ቃል ይነገርህ ይሆናል ማለቴ ስሕተት ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ሐናንያ ስለ ነበረ አጋቦስን እንዳንጥለው እሰጋለሁ። በሐዋርያት ሥራ 11 ረኃብ እንደሚመጣ ተናገረ፤ ሆነም። በተሰሎንቄ መልእክትም «ትንቢትን አትናቁ» ከተባለ በኋላ ወዲያው «ሁሉን ፈትኑ» ተብሏል።


መምህርት | ፈረንጅ አራዳ | ታኅሣሥ 13

በዚህ እንስማማለን፤ ስለ ቅንነትህም አመሰግንሃለሁ። አጋቦስን ካነሣህ ግን ምዕራፍ 21ን አብረን እናንብበው። የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጁንና እግሩን አስሮ፣ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም እንዲህ እንደሚታሰር ተናገረ። ቃሉ እውነት ነበር፤ ጳውሎስም አልተጠራጠረውም፤ ቢሆንም ሄደ። ወንድሞች ሁሉ እያለቀሱ «አትሂድ» ሲሉት ከትንቢቱ የወሰዱት ትርጉም ልክ መስሏቸው ነበር። እውነተኛ ትንቢት እንኳ የሚመጣውን ያሳያል እንጂ ውሳኔውን ከሰውዬው ጫንቃ አያወርድለትም።


ዲያቆኑ | ጅሬን መንገድ | ታኅሣሥ 17

ወንድሜ፣ አባትህ በሌሊት የሚያደርገውን ነገር ምን ብለህ እንደምትጠራው እንደማታውቅ ስለጻፍህ፣ እኔ ከእርሱ ቤተ ክርስቲያን ወገን ሆኜ ጥቂት ልናገር።

በእኛ ሥርዓት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ ይባላል። አገሩ በአበባ በተሸፈነበት ወራት ቤተ ክርስቲያን የምታስበው ስደትን ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን። የማቴዎስን ምዕራፍ 2 ልብ ብለህ ብታነብ ዮሴፍ የታዘዘው በሌሊት ነው፤ የተነሣውም በሌሊት ነው። የተሰጠው ትእዛዝ «ወደ ግብፅ ሽሽ» የሚል ነበር፤ ስለ ጊዜው ግን የተባለው «እስክነግርህም ድረስ በዚያ ተቀመጥ» ብቻ ነው። ስንት ወር፣ ስንት ዓመት እንደሆነ አልተነገረውም። የዓለም መድኃኒት በቤቱ እያለ እንኳ ዮሴፍ የነገውን መንገድ ሳያውቅ ኖረ። በዚያ መካከል መልአኩ በየቀኑ ሲያነጋግረው አናነብም። ጻድቅ የተባለው ሰው በባዕድ አገር ቤተ ሰቡን እያኖረ ዝምታውን ኖረው።

አሁን ያለንበት ጾም ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው። ነቢያቱ ያላዩትን ነገር እየጠበቁ የጾሙትን ጾም እኛ ፍጻሜውን አይተን እንጾመዋለን። ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በዚህ በብርሃን ሳምንት የሚሰበከው ምስባክ (ከዳዊት የሚዜም ጥቅስ) «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» የሚለው ነው፤ ብርሃንህንና እውነትህን ላክልኝ፣ እነርሱ ይምሩኝ ማለት ነው። ይህን የሚለው ብርሃን ያለው ሰው አይደለም፤ የጎደለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ወደ ልደቱ ስትሄድ ይህን ልመና አልዘለለችውም፤ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ሰጥታ ታስለምነናለች። በሚቀጥለው እሑድ ኖላዊ ነው፤ ትርጓሜውም እረኛ ማለት ነው። ብርሃን እንዲላክለት የለመነ ሕዝብ ቀጥሎ የሚሰማው ስለ እረኛ ነው። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ባሰብሁት ቁጥር፣ የምንለምነው መንገዱን እንድናይ ሆኖ ሳለ የሚሰጠን ግን መንገዱን የሚያውቅ እርሱ ራሱ እንደሆነ ይታየኛል።

አባትህ የሚደግመው መዝሙር 22 ላይ ሲደርስ (በእናንተ ቁጥር 23 ነው) አንድ ነገር አዳምጥ። መዝሙሩ የሚጀምረው ስለ እግዚአብሔር በመናገር ነው፤ ይጠብቀኛል፣ ያሳድረኛል፣ ይመራኛል ይላል። በሞት ጥላ መካከል ሲደርስ ግን ንግግሩ ወደ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ይዞራል፦ «እስመ አንተ ምስሌየ»፣ አንተ ከእኔ ጋር ነህና። በለመለመው መስክ ላይ «እርሱ» ያለው ሰው «አንተ» ያለው ሸለቆው ውስጥ ነው። ምናልባት አባትህ ለሰው የሚናገረውን ሁሉ አጥቶ የቀረው ይህ አነጋገር ብቻ ይሆናል።


ነርሷ | ጅማ | ታኅሣሥ 18

የዲያቆኑን ጽሑፍ አንብቤ ብዙ ካሰብሁ በኋላ ነው የምጽፈው። በሙያዬ የማየውን ልጨምር። ስትሮክ የአእምሮን የግራ ክፍል ሲጎዳ ቀኝ ጎን ይደክማል፤ ሰው አስቦ የሚያወጣው ንግግርም ሊጠፋ ይችላል። በልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ዜማ፣ የቁጥር ተራና የመሳሰለው ግን አንዳንድ ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ አባትህ በዳዊት እየተናገረ በውኃ ጥያቄ ዝም ማለቱ እልኸኝነት ወይም መርሳት እንዳይመስልህ። የደም ግፊት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ የደከመውን እጅና እግር ማንቀሳቀስም እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።

አሁን ስለ አንተ ልናገር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አባትህ ሲደግም የምትሰማው አንተም ስለማትተኛ ነው። በስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ምግብ ይበላልሃል? ቀድሞ ያስደስትህ የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕሙ ከጠፋ፣ ይህም ለሳምንታት ከቆየ፣ ገጹ ገጽ ብቻ የሆነብህ እግዚአብሔር ስለራቀህ ሳይሆን ሰውነትህ ስለደከመ ሊሆን ይችላል። በነገሥት መጽሐፍ ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ ያመጣለት እንጎቻና ውኃ ነው። አንድ ጊዜ አበላው፤ ተመልሶም ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። «መንገድህ ሩቅ ነውና» አለው እንጂ ስለ እምነቱ ድካም አልገሠጸውም። ድምፁን በኮሬብ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። በከተማችን የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ወደዚያ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።


እናት ከሊሙ | ታኅሣሥ 19

ልጄ፣ ይህን ልጄ ያነብልኛል፤ የምለውንም እርሱ ይጽፍልኛል።

ስለ ጉንደላ የጻፈው የጎማ ልጅ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ገጀራውን ረሳው። እኛም ከዓመታት በፊት ቡናችንን ጎንድለን ነበር። ገጀራው ከሌላ ሰው ማሳ የመጣ ነበር፤ በዚያ ማሳ ቡና የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ኖሯል፤ እኛ አላወቅንም፤ ሳናጸዳው ቆረጥንበት። በዓመቱ ጉቶው ማቆጥቆጡን ትቶ ከሥሩ ደረቀ። ባለሙያዎቹ በሽታው በቁስሉ በኩል እንደሚገባ የነገሩን በኋላ ነው። መቆረጥ ሁሉ ማጥራት አይደለም፤ የቆረጠውን እጅና የቆረጠበትን ብረት ማየት ያስፈልጋል።

ሸሪክህ ሰርቆሃል። የሰረቀህን ሰው ሥራ «ጌታ አጠራኝ» ብለህ በእግዚአብሔር አትሸፍነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ» ብሎ ነው የጀመረው፤ «እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያለው ቀጥሎ ነው። የፊተኛውን ሳይል የኋለኛውን አላለም። ስለዚህ ሰውየውን በሕግም በሽማግሌም ፈልገው፤ ለአበዳሪዎችህም ሽማግሌ ላክ። በራስህ አፍ ስትለምን ቃልህ ቀልሏል፤ በሽማግሌ ሲሆን ይከብዳል። ሂድ ወይም ቅር አልልህም።


የጎማ ልጅ | አጋሮ | ታኅሣሥ 19

እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲኬድ መሣሪያውን ማጽዳት ለገበሬዎች በየዓመቱ የምነግረው ነገር ሆኖ ሳለ ምሳሌ ስሰጥ ተውሁት። መንገደኛው ወንድሜም ይቅር በለኝ፤ ሥቃይህን ፈጥኜ ትርጉም ሰጠሁት።


ጡረተኛው | ጅማ | ታኅሣሥ 22

በጡረታ ላይ ያለሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ክርክሩን ስከታተል ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

ከጅማ በበደሌ በኩል ወደ መቱ ስትሄድ ሁሩሙን ታልፋለህ። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው በዚያ አካባቢ ነው። በሕፃንነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድም ተማረ። የሕይወቱ ጥሪ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ ወንጌልን ማድረስ እንደሆነ ያምን ነበር። በ1881 በሱዳን በኩል ለመግባት ተሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የተደረገውም ሙከራ አልተሳካም። በእነዚህ ዓመታት ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖም ትልቅ እገዛ አደረገች። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከ1881 ብትቆጥር 23 ዓመት ይሆናል። በመጀመሪያው ሙከራ ተሳክቶለት ቢሆን ኖሮ በእጁ የሚይዘው መጽሐፍ አልነበረም። ይህን የምናየው ግን እኛ ነን፤ በእምኩሉ ሙቀት ተቀምጦ ቃል በቃል ሲፈልግ የነበረው ሰው መንገዱ መቼ እንደሚከፈት አያውቅም ነበር።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሐቀኛ አልሆንም፤ ምክንያቱም መጠበቅ ሁሉ በፍሬ የሚታይ አይደለም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው፣ ስለ ሁሉ የሞተውን በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15 ጠቅሰው መንጋቸውን ትተው እንደማይሄዱ ተናገሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለአሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። እኒያ ሴት 13 ዓመት ያህል ባላቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ በእርግጠኝነት ሳያውቁ ኖሩ። ይህን ለማጽናኛ አልነግርህም፤ ማጽናኛ አይመስለኝምና። የምነግርህ አንድ ዓመት ዝም ስለተባለ ብቻ «መንገድ ስቻለሁ» ማለት እንደማይገባህ ነው፤ እኒህ ሴት እንዲያ ቢሉ ኖሮ ማን በፈረደባቸው!

መቅረትና መሄድን በተመለከተ፣ ጉዲና ስለ ቀሩ አንተም ቅር ማለቴ አይደለም፤ ዮሴፍም በሌሊት ሸሽቷል። ጳውሎስ በመርከብ ላይ ሳለ ብዙ ቀን ፀሐይና ከዋክብት ባልታዩበት ጊዜ፣ መርከበኞቹ ወደ ዓለት እንዳይገቡ ፈርተው አራት መልሕቅ ጣሉና እስኪነጋ ጠበቁ። ጨለማ ውስጥ አንዳንዴ የሚቻለው ይኸው ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ጊዜ አለህ፤ ዛሬ ካልነጋልህ ዛሬ አትቅዘፍ።


አወያይ | ታኅሣሥ 22

ወንድማችንን በአካል ለመርዳት የምትፈልጉ በግል መልእክት ብቻ እንድትነጋገሩ፣ የስልክና የሒሳብ ቁጥር በአደባባይ እንዳትለጥፉ እናሳስባለን።


መንገደኛው | ጅማ፣ ቆጪ | ታኅሣሥ 26

ለሁላችሁም ያለኝ ምስጋና ከቃል በላይ ነው። መምህር ሆይ፣ የጻፉልኝን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ ስለ ወይዘሮ ፀሐይ ስደርስ አቁም ብላኝ ወጣች፤ ከቆይታ በኋላ ተመልሳ «ጨርሰው» አለችኝ።

የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። እማማ እንዳሉኝ ሽማግሌ ላክሁ። ከሦስቱ አበዳሪዎቼ ሁለቱ በየመኸሩ ከፍዬ እንድጨርስ ተስማሙ፤ ሦስተኛው እንቢ ብሏል፤ እርሱ የሚስቅብኝ ሰው ነው። በሸሪኬ ላይ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ጎረቤታችን ሐጂ ነገሩን ከባለቤቴ ሰምተው ልጃቸውን በሳምንት ሁለት ሌሊት ከአባቴ ጋር እንዲያድር ልከውልኛል፤ ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ሳስብ «አንተ ለእኔ አባት ይህን አታደርግምን?» አሉኝ። በእነዚያ ሌሊቶች ተኝቻለሁ። እኅታችን ነርሷ ወደ ጠቆመችኝም ሕክምና ሄጃለሁ፤ ቀጠሮ አለኝ። ለአዲስ አበባው ባልደረባዬ ገና መልስ አልሰጠሁም፤ የአባቴን ሁኔታ ግን ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ።

ዝምታው እንዳለ ነው። ቃሉን ስገልጥ እንደ ድሮው አያናግረኝም፤ ይህን ደብቄ ደስ ላሰኛችሁ አልፈልግም። ነገር ግን የአማርኛውን መዝሙር ከፍቼ አባቴ የት እንደ ደረሰ መከታተል ጀምሬያለሁ። እንደ ልማዱ ዳዊቱን ለየዕለቱ ከፍሎ ነው የሚደግመው። ሐሙስ ሌሊት ላይ፣ በእኛ ቁጥር 88 የሆነው መዝሙር ላይ ደረሰ። ያ መዝሙር እንደሌሎቹ በምስጋና አይዘጋም፤ በመከራና በጨለማ ያልቃል። እዚያ ሲደርስ ያቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ትንፋሽ ወሰደ፤ ከዚያም ስለ እግዚአብሔር ምሕረት መዘመር ወደሚጀምረው ወደሚቀጥለው አለፈ። ከዚያ ወደ ማሰሮው ተመለከተ፤ ውኃ ሰጠሁት።

ወንድሜ ዲያቆን፣ የአባቴ የብራና ዳዊት ጠርዙ ተቀድዶ ቅጠሎቹ መውጣት ጀምረዋል። በጅማ የሚጠርዝ ሰው ካወቅህ በግል መልእክት ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።